አርብን በጤና መድረስ፦ ለግላስተንበሪ የድንኳን አዳር ዝርዝር መመሪያ

በ2016 ግላስተንበሪ የሚባለው የእንግሊዝ የሙዚቃ ፌስቲቫል የሄድኩት ለሙዚቃው ነበር። አርብ ማታ ትልቁ መድረክ ላይ ሙዚቃው ሲደምቅ ግን እኔ ሕክምና ድንኳን ውስጥ እግሬን ዘርግቼ ተቀምጫለሁ። አዲስ ቦቲ፣ አጭር ካልሲ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ጭቃ። ተረከዜ ተልጦ መርገጥ አቃተኝ። የገፋኝ ሰው የለም፣ የወደቀብኝም ነገር የለም። እግሬ ብቻ ነው።

እዚያ ተቀምጬ አጠገቤ ያሉትን ሳይ አብዛኞቹ እንደ እኔ ነበሩ። ውሃ ያልጠጣ፣ ያልተኛ፣ ያልበላ፣ ሆዱን ያመመው። በሩ የሚከፈተው ረቡዕ ጠዋት ነው፣ ትልልቆቹ መድረኮች የሚጀምሩት ግን አርብ ነው። ሰው በእነዚያ ሁለት ቀናት በደስታ ሲሮጥ ጉልበቱን ይጨርስና ዋናው ነገር ሲመጣ ሰውነቱ እምቢ ይላል። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ለአንድ ነገር ነው፤ አርብ ጠዋት ደህና ሆናችሁ እንድትነሱ።

ቦታውን ለማታውቁት ልንገራችሁ። ደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ ሱመርሴት ውስጥ፣ ፒልተን የምትባል መንደር አጠገብ ያለ ዎርዚ ፋርም የሚባል የወተት ላም እርሻ ነው። ማይክል ኢቪስ የተባሉ ገበሬ ናቸው በ1970 የጀመሩት። ያኔ መግቢያው አንድ ፓውንድ ነበር፤ የእርሻው ወተት ደግሞ በነጻ። ዛሬ በሰኔ መጨረሻ 200 ሺህ ያህል ሰው ያድርበታል። በየጥቂት ዓመቱ ግን መሬቱ እንዲያርፍ ፌስቲቫሉ አይካሄድም። 2026 እንደዚያ ነው፤ የሚቀጥለው በ2027 ነው። ስለዚህ ለመዘጋጀት ጊዜ አላችሁ። ሌሎች ፌስቲቫሎች፣ ዴንማርክ ሮስኪልደም ሆነ ቡዳፔስት ሲገት ብትሄዱ አብዛኛው ምክር ያው ነው። (ዓመተ ምሕረቱንና ወሩን በፈረንጆች፣ ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።)

1. ከመሄዳችሁ ከአንድ ወር በፊት

መጀመሪያ ክትባት። ኩፍኝ በአየር የሚተላለፍ በሽታ ነው፤ ሰው ከሰው በሚተሻሽበት ቦታ ደግሞ እንደ እሳት ይዛመታል። ሙሉ መከላከያ የሚባለው ሁለት ዙር ነው። ኢትዮጵያ ሁለተኛውን ዙር በመደበኛ ክትባት ውስጥ ያስገባችው በ2019 ነው፤ ስለዚህ እዚያ ያደግን ብዙዎቻችን ልጅ ሳለን በመደበኛው የወሰድነው አንድ ብቻ ሊሆን ይችላል። ብሪታንያ ያላችሁ ጂፒያችሁ (የተመዘገባችሁበት የሰፈር ሐኪም) ጋ ደውሉና «የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላ ክትባት ሁለቱንም ወስጃለሁ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ማስረጃ ከሌላችሁ በነጻ ይሰጧችኋል። እርጉዝ ከሆናችሁ ግን ይህ ክትባት አይሰጥም፣ ቀድማችሁ ተናገሩ። ከ25 ዓመት በታች የሆናችሁ የማጅራት ገትር ክትባት አምልጧችሁ እንደሆነ አብራችሁ ጠይቁ።

ሁለተኛ ጫማ። ቦቲ ከገዛችሁ ቤት ውስጥ፣ ገበያ ስትሄዱ፣ ፓርክ ስትሄዱ ደጋግማችሁ አድርጉት። አዲስ ጫማ ለመጀመሪያ ጊዜ ረቡዕ ጠዋት እንዳታደርጉ፣ እለምናችኋለሁ። ካልሲው ከቦቲው አፍ በላይ መውጣት አለበት። እኔን የጎዳኝ ይሄ ነው፤ የጎማው ጠርዝ ባዶ ባቴን ሲፍቀው ውሎ ላጠው፣ አጭሩ ካልሲ ደግሞ ወርዶ እግሬ ሥር ተጠቀለለና ተረከዜ ባዶውን ቀረ።

ሦስተኛ መድኃኒት። የአስም፣ የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስዱ ለአምስት ቀን ሳይሆን ለሰባት ቀን ያዙ፣ ከነማሸጊያውና ከነስማችሁ። ሁለት ቦታ ክፈሉት፤ ግማሹ እላያችሁ ላይ፣ ግማሹ ጓደኛችሁ ጋ። ቦርሳ ቢጠፋ መድኃኒቱ አብሮ አይጠፋም። የአበባ ብናኝ አለርጂ ያለባችሁ ደግሞ አስቡት፣ ሰኔ ነው፣ የሳር ሜዳ ነው። ኪኒኑን ሳትይዙ አትሂዱ።

2. ሻንጣው

ሁሉን ነገር ልዘርዝር ብል አያልቅም። ሰው የሚረሳቸውን ብቻ ልንገራችሁ።

በፕላስቲክ የታሸገ አንድ ጥንድ ወፍራም ካልሲ፣ ለመኝታ ብቻ። ከድንኳን ውጭ አይነካም። ፓወር ባንክ። የግንባር ባትሪ፤ ሌሊት ሽንት ቤት ስትሄዱ ሁለት እጃችሁ ነጻ መሆን አለበትና። ባዶ የውሃ ኮዳ፣ የብረት ወይም የፕላስቲክ እንጂ ጠርሙስ አይደለም፤ ጠርሙስ ማስገባት የተከለከለ ነው፣ ለእግርም ለላሞቹም አደጋ ስለሆነ። ሶፍት፣ ከምታስቡት በእጥፍ። የጆሮ መሰኪያ፣ የዓይን መሸፈኛ፣ ፕላስተር፣ ፓራሲታሞል፣ የኦ.አር.ኤስ. ፓኬት። ትንሽ ሳሙና። ለምን ሳኒታይዘር ብቻ እንደማይበቃ ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ለብርዱም ተዘጋጁ። ሰኔ ነው ብላችሁ አትሞኙ፣ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሊወርድ ይችላል። ጥምቀትን ጃንሜዳ ያደረ ሰው ይህን ያውቃል፤ ብርዱ ከላይ ብቻ ሳይሆን ከመሬት ነው የሚመጣው። ወፍራም ስሊፒንግ ባግ ይዛችሁ ከሥር ፍራሽ ካላነጠፋችሁ መሬቱ ሙቀታችሁን ሌሊቱን ሙሉ ሲመጠው ያድራል።

ጫት ይዛችሁ እንዳትሄዱ። ብሪታንያ ከ2014 ጀምሮ ከልክላዋለች። ከሕጉም በላይ፣ እንቅልፍ የሚከለክል ነገር ለዚህ ቦታ ጠላት ነው።

3. ድንኳኑን የት ትተክላላችሁ?

ረቡዕ ስትደርሱ ሁሉም የሚሮጠው ለመድረክ ቅርብ ወደሆነው ቦታ ነው። እናንተ አትሩጡ። መጀመሪያ መሬቱን እዩት። ጎድጎድ ያለ ቦታና የኮረብታ ግርጌ አይሆንም፣ ዝናብ ሲመጣ ውሃው የሚሰበሰበው እዚያ ነው። በ2005 በጣለው ዶፍ ድንኳኖች በውሃ ተውጠው ነበር። ትንሽ ዘንበል ያለ ከፍታ ምረጡ፣ ጭንቅላታችሁን ወደ ላይኛው በኩል አድርጋችሁ ተኙ። ሽንት ቤት አጠገብም አትትከሉ፣ ሽታው አንድ ነገር ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚያልፈው ሰው ግን እንቅልፍ አያስተኛም። ትልቅ መተላለፊያ ዳርም እንደዚያው፤ የሰከረ ሰው በገመዱ ተደናቅፎ ይወድቅባችኋል።

ከተከላችሁ በኋላ አምስት ደቂቃ ስጡና ሦስት ነገር ፈልጉ፦ ቅርብ ያለው የውሃ ቧንቧ፣ ቅርብ ያለው የሕክምና ድንኳን፣ ከሩቅ የሚታይ ምልክት። ስልካችሁ ላይ ፎቶ አንሱት። ሌሊት በ9 ሰዓት ሁሉም ድንኳን አንድ ይመስላል። ከጓደኞቻችሁ ጋርም «ብንጠፋፋ በየሁለት ሰዓቱ እዚህ ቦታ» ብላችሁ ተስማሙ፤ ያን ያህል ሰው በአንድ ጊዜ ስልክ ሲጠቀም ኔትወርክ ይጨናነቃል።

አሁን በጣም አጥብቄ የምናገረው ነገር አለ። ከሰል ወይም የጋዝ ምድጃ ድንኳን ውስጥ አታስገቡ፤ የጠፋ ቢመስልም፣ በሩን ከፍታችሁም ቢሆን፣ ለሙቀትም ለቡናም። አዲስ አበባ በክረምት ከሰል ቤት አስገብተው ተኝተው ያልነቁ ሰዎችን ወሬ ሁላችንም ሰምተናል። ገዳዩ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ሽታ የለውም፣ ጭስ የለውም፣ ቀስ ብሎ ያስተኛል። እንግሊዝ ውስጥም ማታ የጠበሱበትን ከሰል ለሙቀት ብለው ድንኳን አስገብተው የሞቱ ሰዎች አሉ። ቡናችሁን አፍሉ፣ እኔም አፈላለሁ፣ ግን ደጅ፣ ከድንኳኑ ጨርቅ ራቅ ብላችሁ።

4. ውሃና ምግብ

2019 ደግሞ የ2016 ተቃራኒ ነበር። ሙቀቱ 30 ዲግሪ ገደማ ደረሰ። አብራኝ የሄደችው የአክስቴ ልጅ ቅዳሜ ቀን ሰልፍ ላይ ቆማ ሳለ ተዝለፍልፋ ወደቀች። ለካስ ከጠዋት ጀምሮ የጠጣችው አንድ ኩባያ ቡና ብቻ ነው። ሆን ብላ ነበር ውሃ ያልጠጣችው፤ ሽንት ቤቱን ስለጠላችው።

እህቶቼ፣ ይህን በደንብ ስሙኝ። ሽንት ቤቱ ያስጠላል፣ ሰልፉም ረጅም ነው፣ ግን ውሃ መቀነስ መፍትሔ አይደለም። ሽንት መያዝ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሊያመጣ ይችላል፣ ያ ደግሞ ድንኳን ውስጥ የሚቻል ሕመም አይደለም። ይልቅ ሰዓት ምረጡ። ጠዋት በማለዳ ሰው ሳይነሳ ሂዱ፣ ወይም ትልቅ ዘፋኝ መድረክ ላይ ሳለ። ሶፍታችሁን ያዙ።

ንጹሕ የመጠጥ ውሃ በነጻ የሚቀዳባቸው ቧንቧዎች በየቦታው አሉ። ባለፋችሁ ቁጥር ኮዳችሁን ሙሉ። ስንት ሊትር ልጠጣ የሚለውን በሽንታችሁ ቀለም ፍረዱ፤ ቢጫው ከጠቆረ ውሃ ጎድሏል። ብዙ ካላባችሁ ወይም ተቅማጥ ከያዛችሁ ውሃ ብቻ አይበቃም፣ ጨውም ይወጣልና። ኦ.አር.ኤስ. ከሌለ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ ስድስት ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡ። ጨው አታብዙ።

ሰው ራሱን ሲያዞረውና ሲያቅለሸልሸው ጥላ ውስጥ አስተኙት፣ እግሩን ከፍ አድርጉ፣ ልብሱን አላልታችሁ ውሃ አርከፍክፉበት፣ አራግቡለት። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካልተሻለው፣ ወይም መቀባጠር ከጀመረ፣ ወይም ቆዳው ከጋለ፣ ሐኪም ጥሩ። ይህ ሕይወት የሚያጠፋ ነው። ድንኳን ውስጥ ግን አታስገቡት፤ ቀን ላይ ድንኳን እንደ ምድጃ ነው። የእኛ ቆዳ ፀሐይ አይነካውም የሚባለውንም እርሱት፤ ጥቁር ቆዳም ይቃጠላል። ከ5 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ኮፍያና ሰንስክሪን።

ምግብን በተመለከተ እኛ ሀብታሞች ነን። በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ዳቦ ቆሎ፤ አያቶቻችን ለመንገድ የሰሩት ስንቅ ማቀዝቀዣ አይፈልግም። በሶ በውሃ በጥብጦ ጠዋት መጠጣት ከማንኛውም የተጠበሰ ነገር ይሻላል። ቋንታና ጭኮ የምትወዱ እዚሁ ቤታችሁ አዘጋጁ፤ ሥጋና ቅቤ ከኢትዮጵያ ይዞ ብሪታንያ መግባት አይፈቀድም። ወጥ ግን ተዉት። ወጥ በሙቀት ሁለተኛ ቀን ላይ ሆድ ያምሳል።

የሰኔ ጾም የምትጾሙ፣ ጊዜው ከጾመ ሐዋርያት ጋር ይገጥማል። የጾም ምግብ እዚያ ችግር የለም፣ አትክልት ብቻ የሚሸጡ ብዙ ናቸው። እስከ ቀትር ሳትቀምሱ ፀሐይ ላይ መቆም ግን ከባድ ነው፤ ጥላ ፈልጉ፣ እረፉ፣ ጤናችሁ የማይፈቅድ ከሆነ ከመሄዳችሁ በፊት ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩ።

5. እጅና እግር

ይህ የላም ግጦሽ ነው ብያለሁ። ጭቃው ጭቃ ብቻ አይደለም፣ እበትም አለበት። በ1997 ከዚያ በዓል የተመለሱ ሰዎች ኢ. ኮላይ ኦ157 በሚባለው ባክቴሪያ ታመው ነበር፤ የተጠረጠረው ላሞች የዋሉበት ጭቃ ነው። ይህ ባክቴሪያ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያመጣል፣ በልጆች ላይ ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል። እንግዲህ በጭቃ እጅ ሳንድዊች አትብሉ፤ ልጅ ይዛችሁ ከሆነ ደግሞ ዓይናችሁ ከእጁ ላይ አይነሳ።

ሳኒታይዘር ጥሩ ነው፣ ግን የቆሸሸ እጅ ላይ አይሰራም፣ ከባድ ትውከትና ተቅማጥ የሚያመጣውን ኖሮቫይረስንም በደንብ አይገድለውም። ሳሙና ያዙ ያልኩት ለዚህ ነው። ከሽንት ቤት በኋላና ከምግብ በፊት፣ ቧንቧ ጋ፣ በሳሙና።

እግራችሁን ደግሞ በየምሽቱ እንደ ሕፃን ተንከባከቡት። በቀን 15 ኪሎ ሜትር መራመድ እዚያ ብርቅ አይደለም። ማታ ድንኳን ስትገቡ ቦቲውን ደጅ አውልቁ፣ እግራችሁን በእርጥብ ሶፍት ጥረጉ፣ በጣቶቻችሁ መካከል ጭምር አድርቁ፣ ያንን የመኝታ ካልሲ አድርጉ። እርጥብ ካልሲ አድርጎ መተኛት በጭራሽ። እግር ለቀናት እርጥብ ሆኖ ሲቆይ ይነጣል፣ ይደነዝዛል፣ ከዚያ ያብጥና ያማል። ውሃ የቋጠረ ቦታ ካለ አታፍርጡት፣ በፕላስተር ሸፍኑት። ፕላስተር የሚለጠፈው ግን የመቆጥቆጥ ስሜት ገና ሲጀምር ነው እንጂ ከተላጠ በኋላ አይደለም። እኔ ረቡዕ ማታ አንድ ፕላስተር ለጥፌ ቢሆን አርብ ባላመለጠኝ ነበር።

6. ሕዝብ መሀል

ብዙ ጊዜ ሰላም ነው። ግን ይህን ሳታውቁ ወደ መድረክ ፊት አትሂዱ። ሰኔ 30 ቀን 2000 ሮስኪልደ ላይ፣ ፐርል ጃም የሚባለው ባንድ ሲጫወት፣ መድረኩ ፊት የነበረው ሕዝብ ተገፋፍቶ ወደቀ። ዘጠኝ ወጣቶች ሞቱ። በ2021 አሜሪካ ሂዩስተን፣ አስትሮወርልድ በሚባል ፌስቲቫል ላይ አሥር ሞቱ። እንዲህ ባለ ቦታ ሰው የሚሞተው በመረገጥ ብቻ አይመስላችሁ። ደረት ከፊትም ከኋላም ሲጨመቅ ሳንባ መስፋት ያቅተዋል፤ ሰው እንደቆመ ታፍኖ ይሞታል።

በአንድ ካሬ ሜትር ከአምስት ሰው በላይ ሲሆን አደጋው ይጀምራል። መቁጠር አያስፈልጋችሁም፣ ሰውነታችሁ ይነግራችኋል። ከአራቱም አቅጣጫ ሰው እየነካችሁ ከሆነ፣ እጃችሁን ወደ ፊታችሁ ማንሳት ካቃታችሁ፣ ሳትራመዱ ከተንቀሳቀሳችሁ ውጡ። ዘፈኑ እስኪያልቅ አትጠብቁ።

አወጣጡም ዘዴ አለው። እጆቻችሁን እንደ ቦክሰኛ ደረታችሁ ፊት ያዙ፣ ለመተንፈሻ የሚሆን ቦታ ይፈጥራል። ግፊት ሲመጣ አትታገሉት፣ አብራችሁ ሂዱ፤ ሞገዱ ሲያርፍ በሰያፍ ወደ ጎን ተንቀሳቀሱ። ቀጥታ ወደ ኋላ መግፋት ያደክማል፣ አያወጣምም። ስልክ ቢወድቅ ተዉት፣ አትጎንበሱ። አትጩኹ፣ ትንፋሽ ቆጥቡ። አጠገባችሁ ሰው ከወደቀ ወዲያው አንሱት፣ አንዱ ሲወድቅ ሌላው ስለሚከተል። ብትወድቁና መነሳት ቢያቅታችሁ በጎናችሁ ተጠቅልላችሁ ጭንቅላታችሁንና ደረታችሁን ሸፍኑ። አጥሩ ጋ ያሉ ጠባቂዎች ሰው ማውጣት ሥራቸው ነው፤ እጅ አንስታችሁ ጥሯቸው፣ ነውር የለውም።

እኔ አሁን ሁልጊዜ የምቆመው ወደ ጎን ነው፣ ከድምፅ መቆጣጠሪያው ማማ ወደ ኋላ። ድምፁ እዚያ እንዲያውም ይጠራል።

ጆሮንም አስቡ። ጆሮ 85 ዴሲቤልን ለስምንት ሰዓት ይችላል፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 100 ላይ ሲደርስ 15 ደቂቃ ብቻ ነው የሚቀራችሁ ማለት ነው። ለሙዚቃ ተብሎ የተሰራ የጆሮ መሰኪያ ድምፁን ይቀንሳል እንጂ አያበላሸውም። ድምፅ ማጉያው አጠገብ አትቁሙ፣ ለልጆች ደግሞ የጆሮ መከላከያ ግዴታ ነው።

7. መጠጥና ሌሊት

መጠጣት የምትፈልጉ ከመጠጣታችሁ በፊት ብሉ፣ በአንድ ብርጭቆ አልኮል አንድ ብርጭቆ ውሃ። ብርጭቆአችሁን ትታችሁ አትሂዱ፣ ከማታውቁት ሰው የተከፈተ መጠጥ አትቀበሉ። ከጠጣችሁት በላይ ከሰከራችሁ ለጓደኛ ተናገሩና አብራችሁ ወደ ሕክምና።

ሰክሮ የማይነቃ ሰው «ይተኛ ይበርድለታል» ተብሎ ብቻውን ድንኳን ውስጥ አይተውም። በጀርባው ተኝቶ ቢያስመልሰው ያንቀዋል። በጎኑ አስተኙት፣ አንድ ሰው አብሮት ይቀመጥ፣ ሌላው ሐኪም ይጥራ። ሌላ ነገር ወስዶ እንደሆነም ለሐኪሙ እውነቱን ንገሩ። እኛ ዘንድ ይሉኝታው ከባድ ነው፣ «ቤተሰብ ይሰማል» እንላለን፣ በዚያ ምክንያት ሰው ይሞታል። ሐኪሙ የሚፈልገው ማዳኑን ነው።

ሴቶች ሌሊት ለብቻችሁ አትመለሱ። ይህን ስል ጥፋቱ የእናንተ ነው ማለቴ አይደለም፣ ጥፋቱ ሁልጊዜ የነካው ሰው ነው። ማንም ያስቸገራችሁ እንደሆነ ቅርብ ላለው ሠራተኛ ተናገሩ፤ ሰው የሚያዳምጥና የሚያግዝ ክፍል እዚያው ግቢ ውስጥ አለ። ወንድሞችም፣ ጓደኛችሁ ሴት ሲያስቸግር ካያችሁ ቀድማችሁ አቁሙት። የደከመው፣ የከፋው፣ ሐሳብ የያዘው ሰው ደግሞ ብሪታንያ ውስጥ 116 123 ቢደውል ሰማሪታንስ የሚባሉት አዳማጭ በጎ ፈቃደኞች በማንኛውም ሰዓት በነጻ ያናግሩታል። ለድንገተኛ አደጋ 999።

8. እንቅልፍ

ጀምበር የምትጠልቀው ማታ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ የምትወጣው ደግሞ ንጋት 11 ሰዓት አካባቢ። ከዚያ በኋላ ድንኳኑ ይግላል፣ እንቅልፍ የለም። የዓይን መሸፈኛና የጆሮ መሰኪያ ያድኗችኋል። ረቡዕና ሐሙስ በጊዜ ተኙ፤ ሌሊቱን ማንጋት ከፈለጋችሁ ለቅዳሜ አቆዩት። ቀን ላይም ጥላ ሥር አንድ ሰዓት ሸለብ ማድረግ ዋጋው ብዙ ነው።

9. ሰኞ

መኪና የምትነዱ፣ እሑድ ማታ የጠጣችሁት ሰኞ ጠዋት ደማችሁ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ያልተኛ ሾፌር ደግሞ ከሰከረ አይሻልም። እስከ ቀትር ተኝታችሁ ሂዱ፣ ወይም በአውቶቡስ።

ቤት ከገባችሁ በኋላ ሦስት ሳምንት ራሳችሁን ተከታተሉ። ትኩሳትና ሽፍታ ከወጣባችሁ ኩፍኝ ሊሆን ይችላልና ክሊኒክ ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉ፣ መጠበቂያ ክፍል ውስጥ ላለ ሕፃን እንዳታስተላልፉ። ደም ያለው ተቅማጥ ካለ በዚያው ቀን የብሪታንያ የጤና ምክር መስመር 111 ደውሉ፤ ተቅማጥ ማቆሚያ ኪኒን በራሳችሁ አትውሰዱ። ጆሯችሁ ውስጥ የሚጮኸው ነገር በሁለት ቀን ካልጠፋም ለጂፒ ንገሩ። ድንኳኑን ደግሞ በዚያው ሳምንት ዘርግታችሁ አድርቁት፤ እርጥቡን ከጠቀለላችሁት ይሻግታል፣ በሚቀጥለው ዓመት ስትከፍቱት የምትተነፍሱት ያንን ሻጋታ ነው።